አንድ ፕሮሲጀር፣ አንድ ውሳኔ፦ በነባር የግዕዝ ፊደል ኮድ ውስጥ የአሠራር ቅለትና የቋንቋ መረጃ ደኅንነት

1. መግቢያ

የሥነ ልሳን ባለሙያ የሚያወጣው ሕግ በዘመናችን ሁለት ማደሪያ አለው። አንደኛው የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ቃላትን የሚለቅም፣ ፊደልን የሚለውጥ፣ ምዕላድን የሚነጥል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በመጽሐፍ የሰፈረውን ሕግ አንባቢ ያየዋል፤ ስሕተት ቢኖርበት የሚሞግተው ይገኛል። በፕሮግራም ውስጥ የተቀመጠው ሕግ ግን ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው። ውጤቱም ንጹሕ ዝርዝር መስሎ ስለሚቀርብ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

በካርቱም በጎብኚ ተመራማሪነት በቆየሁበት ጊዜ አንድ የቃላት ዝርዝር ከነፕሮግራሙ በእጄ ገባ። ዝርዝሩ ከዓመታት በፊት በከተማይቱ ይኖሩ ከነበሩ የአማርኛና የትግርኛ ተናጋሪዎች አንደበት የተሰበሰበ፣ በዘመኑ በነበረ ፎንት የተተየበ ነው። ፕሮግራሙ ያንን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ለመለወጥና የቃላት ድግግሞሽ ለመቁጠር በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ነበር። በትግርኛው ክፍል «ዓይኒ» የሚለውን ቃል ስፈልግ አጣሁት፤ ያገኘሁት «አይኒ» ነበር። «ሓው» ብዬ ስፈልግም «ሀው» መጣልኝ። መጀመሪያ የተየበው ሰው ስሕተት መሰለኝ። ከመስክ ማስታወሻው የተረፉትን ጥቂት ገጾች ባስተያይ ግን በእጅ የተጻፈው ትክክለኛው ቅርፅ ሆኖ ተገኘ። ፊደሎቹን የለወጣቸው ፕሮግራሙ ነበር።

ፕሮግራሙን ከፍቼ ስመለከት ሥራው ሁሉ በአንድ ረጅም ፕሮሲጀር ውስጥ ታጭቆ አገኘሁት። ይኸው አንድ ክፍል ፋይል ይከፍታል፣ የፎንቱን ኮድ ወደ ዩኒኮድ ይለውጣል፣ ሥርዓተ ነጥብ ያስተካክላል፣ ሞክሼ ፊደላትን ያዋህዳል፣ ቃላት ይከፍላል፣ ይቆጥራል፣ መልሶም ይጽፋል። ሞክሼዎቹን የሚያዋህደው መስመር በመካከሉ ተሸጉጦ፣ ያለ ማብራሪያ፣ ለአማርኛም ለትግርኛም ያለ ልዩነት ይሠራ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም። ኮዱን የጻፉት ሰዎች በዘመናቸው መሣሪያ የሚቻለውን አድርገዋል። የጽሑፉ ዓላማ አንድ ነጥብ ማስረዳት ነው፦ በወረስነው ኮድ ውስጥ ፕሮሲጀሮችን ቀላልና ለጥገና የተመቹ ማድረግ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የንጽሕና ወግ ብቻ አይደለም፤ በቋንቋ ላይ የተሰጠ ውሳኔ እንዲታይ፣ እንዲመረመርና ሲያስፈልግ እንዲሻር የሚያስችል የምርምር ሥነ ሥርዓት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ኮዱ የተወለደበት ዘመን

ነባር ኮድን ከመንቀፍ በፊት የተጻፈበትን ዘመን ማስታወስ ይገባል። የ8 ቢት የፊደል ሰንጠረዥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው። ከዚህ ግማሹ በላቲን ፊደላት፣ በአኃዞች፣ በሥርዓተ ነጥቦችና በመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዘ ነበር። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሰባቱ ረድፍ ከነዲቃላዎቹ፣ ከነአኃዞቹና ከነነጥቦቹ ሲቆጠር በቀረው ቦታ አይገባም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች ከሁለት መንገዶች አንዱን መረጡ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ወይም ከዚያ ለሚበልጡ ፎንቶች አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ መሠረታዊውን ቅርፅ ለብቻው፣ የአናባቢውን ቅጥያ ለብቻው አስቀምጠው በስክሪኑ ላይ እንዲደራረቡ አደረጉ። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ሰንጠረዥ ስለተከተለ በአንዱ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

ከዚህ ችግር መውጫ የሻቱ ሥራዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» በሚል ምኅፃረ ቃል የሚታወቀውን፣ ግዕዝን በላቲን ፊደላት የሚወክል ሥርዓት አዘጋጁ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ባሕርዩ ሞክሼ ፊደላትን አለማደባለቁ ነው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ጽሑፉ ወደ ግዕዝ ሲመለስ እንደ ነበረ ይመለሳል። በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ቅጂ ደግሞ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ክልል ሰጠው። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ አሮጌውን ወደ አዲሱ ማሻገር ነበር። በየተቋሙ፣ በየግለሰቡ ኮምፒዩተር ለአንድ ፎንትና ለአንድ ዝርዝር ተብለው የተጻፉ ትንንሽ የማሻገሪያ ፕሮግራሞች የበዙት በዚያን ጊዜ ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች ለአንድ ቀን ሥራ ተጽፈው ለሃያ ዓመት አገልግለዋል። የነባር ኮድ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ለአማርኛ ብቻ የተጻፈው ላይ ሌላ ሰው «ቋንቋው ትግርኛ ከሆነ» የሚል ቅርንጫፍ ቀጠለ። ሦስተኛው ለግዕዝ ጽሑፎች ሌላ ቅርንጫፍ ጨመረ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ አስተዋይነት ነበረው፤ ተደራርበው ግን ማንም ከዳር እስከ ዳር የማያነበው ፕሮሲጀር ወለዱ።

3. የተሸሸገ ውሳኔ

ሞክሼ ፊደላትን ማዋሃድ በራሱ ስሕተት አይደለም። በዛሬው አማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። አንድ ቃል በሦስትና በአራት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ስለሚገኝ ቃላትን ለመቁጠርም ሆነ ለመፈለግ ማዋሃድ የግድ ይላል። የካርቱም የዐረብኛ ባልደረቦቻችን ይህንን ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል፤ ለፍለጋ ሲባል የአሊፍን ልዩ ልዩ ቅርጾች በአንድ አሊፍ መተካት በዐረብኛ ጽሑፍ አያያዝ የተለመደ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ውሳኔ ከቦታው ሲወጣ ነው። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፤ «ሰዐለ» ደግሞ አሳለ፣ ማለትም ሳል ያዘው። ማዋሃጃው ሲያልፍባቸው ሦስቱም «ሰአለ» ይሆናሉ። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ መሆናቸውም በአንድ መስመር ኮድ ይጠፋል። በትግርኛ ጉዳቱ ከታሪክ አልፎ የዛሬውን የድምፅ ሥርዓት ይነካል። ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በትግርኛ የተለያዩ ፎኒሞች ናቸው፤ በመጀመሪያውና በአራተኛው ረድፍ መካከል ያለው የአናባቢ ልዩነትም በ«ሀ» እና በ«ሃ» ይለያል። ለአማርኛ ልክ የሆነው ሕግ ለትግርኛ የድምፅ ሥርዓት ማፍረሻ ሆነ ማለት ነው።

ጠ እና ጰ ከመሳሰሉት ፈንጂ ድምፆች ጋር የሚመደበውን ፉጨታዊ ድምፅ በሚመለከት ደግሞ ሌላ ረቂቅ ጉዳት አለ። በኤርትራ የትግርኛ አጻጻፍ ጸ ሲመረጥ በትግራይ አጻጻፍ ፀ ይዘወተራል። ፀን ወደ ጸ የሚለውጥ መስመር ድምፁን አይነካም፤ ጻፊው በየትኛው የአጻጻፍ ወግ እንደ ተማረ የሚጠቁመውን ምልክት ግን ያጠፋል። ከልዩ ልዩ ቦታ መጥተው በአንድ ከተማ ከተሰባሰቡ ሰዎች በተገኘ ዝርዝር ውስጥ ይህ ምልክት ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መሠመር አለበት። ፊደልን ከአንድ ኮድ ወደ ሌላ ኮድ ማሻገር መልሶ ሊቀለበስ የሚችል ሥራ ነው፤ ሰንጠረዡ ከታወቀ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ማዋሃድ ግን አይቀለበስም፤ ከ«ሰአለ» ተነሥቶ ጽሑፉ ለማኝን፣ ሠዓሊን ወይስ ሳለኛን እንደሚመለከት የሚያውቅ ፕሮሲጀር የለም። ሊቀለበስ የሚችልና የማይችል ሥራ በአንድ ፕሮሲጀር ውስጥ ሲደባለቁ ጠቅላላው የማይቀለበስ ይሆናል። የቀላል አሠራር የመጀመሪያ ሕግ ከዚህ ይወጣል፦ አንድ ፕሮሲጀር አንድ ውሳኔ ይያዝ፤ የማይቀለበሰው ውሳኔም ለብቻው፣ በስሙ፣ ከጥሬው መረጃ ርቆ ይቀመጥ።

ይህ አስተሳሰብ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ጋር እንግዳ አይደለም። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ፕሮግራም መከፋፈል ያለበት በሥራው የጊዜ ቅደም ተከተል ሳይሆን ወደ ፊት ሊለወጡ በሚችሉ ውሳኔዎች እንደ ሆነ ተከራክሯል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ውሳኔ ይሸፍናል፣ ውሳኔው ሲለወጥ የሚነካው ያ ክፍል ብቻ ነው። ለማስረጃ የመረጠው ፕሮግራምም ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው፤ ቁልፍ ቃላትን ከነዐውዳቸው በፊደል ተራ የሚደረድር ማውጫ ነበር።

4. የሕጎች ቅደም ተከተል

ለሥነ ድምፅ ባለሙያ ፕሮሲጀሮችን በቅደም ተከተል መደርደር አዲስ ነገር አይሆንበትም። ከቾምስኪና ከሃሌ የ1968 ሥራ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሕጎች ራሳቸው ትክክል ሆነው ቅደም ተከተላቸው ሲገለበጥ ውጤታቸው ይለወጣል። በዚያው ዓመት ኪፓርስኪ ግንኙነቶቹን ለይቶ ሰየመ፤ አንዱ ሕግ ለተከታዩ ሥራ የሚያቀብልበት አለ፣ የተከታዩን ሥራ የሚነጥቅበትም አለ። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ የሳንስክሪቱ ሊቅ ፓኒኒ በሰዋስውው የመጨረሻ ክፍል ላይ የኋለኛው ሕግ ውጤት ለፊተኛው እንደ ሌለ የሚቆጠርበትን መመሪያ አኑሯል። ቅደም ተከተሉ ራሱ የሰዋስው አካል ነበር።

በጽሑፍ ማዘጋጃ ኮድም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰዎች አራት ነጥብን በአንድ ምልክት (።) ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት (፡፡) ይጽፋሉ። አንድ ፕሮሲጀር ይህንን ወደ ። ይለውጠዋል እንበል፤ ሌላው ደግሞ ፡ን የቃላት መለያ አድርጎ ጽሑፉን ይከፍላል። ለዋጩ ቢቀድም ዓረፍተ ነገሩ ድንበሩን ያገኛል። ከፋዩ ቢቀድም ግን ሁለቱም ነጥቦች እንደ ቃል መለያ ተቆጥረው ይወገዳሉ፤ ለዋጩ ሲደርስ የሚለውጠው አያገኝም፤ የዓረፍተ ነገር ወሰን የሌለው ጽሑፍ ይቀራል። ይህ የነጣቂነት ግንኙነት ነው።

አቀባይነትንም በሌላ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። «ኋላ» የሚለው ቃል «ሁዋላ» ተብሎም ይጻፋል፤ «ሑዋላ» ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። አንደኛው ሕግ ሑን ወደ ሁ ያዋህዳል፤ ሁለተኛው «ሁዋ»ን በዲቃላው «ኋ» ይተካል። አንደኛው ሲቀድም ሦስቱም አጻጻፎች «ኋላ» ላይ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ከቀደመ «ሑዋላ» ሳይነካ ያልፍና በኋላ «ሁዋላ» ሆኖ ይቀራል፤ በድግግሞሽ ዝርዝሩም አንድ ቃል ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

በረጅሙ ፕሮሲጀር ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል የተወሰነው በአጋጣሚ ነበር፤ ማንኛውም ጭማሪ ቦታ ከተገኘበት ገብቷል። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። እያንዳንዱ ሕግ የራሱ ፕሮሲጀር ይሁን፤ አንድ ጽሑፍ ተቀብሎ አንድ ጽሑፍ ይመልስ፤ ፋይል አይክፈት፣ አይቁጠር፣ ከውጭ ያለ ነገር አይለውጥ። ከዚያ በላይ አንድ አጭር አስተባባሪ ፕሮሲጀር ብቻ ይኑር፤ የእርሱም ሥራ ሕጎቹን በስማቸው በተራ መጥራት ነው። አስተባባሪውን የሚያነብ ሰው የሰዋስውን የሕግ ዝርዝር ያነበበ ያህል ይሆናል። ፓይተን ከ2008ቱ 3.0 ቅጂው ጀምሮ ፕሮሲጀሮችን በግዕዝ ፊደል ለመሰየም ስለሚፈቅድ ስሞቹን «ነጥብ_አስተካክል»፣ «ሞክሼ_አዋህድ_ለአማርኛ»፣ «ዲቃላ_ተካ» ማለት ይቻላል። «ለአማርኛ» የሚለው ቅጥያ ብቻውን ያንን የትግርኛ ጉዳት ባስቀረ ነበር፤ ስሙን ጽፎ በትግርኛ ዝርዝር ላይ የሚጠራው ሰው እጁ ባመነታ ነበርና።

5. የተደጋገመ ስሌትና ያረጀ ድንበር

በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል አደራደር ውስጥ ፕሮግራም ጸሐፊን የሚያስደስት ሥርዓት አለ። ክልሉ በአሥርዮሽ ቁጥር ከ4608 እስከ 4991 ሲሆን ሀ በ4608 ላይ ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ ተነባቢም ስምንት ቦታ ተመድቧል። ስለዚህ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ቀንሶ ለ8 ማካፈል ብቻ በቂ ነው፤ ድርሻው ተነባቢውን፣ ቀሪው ረድፉን ይናገራል። ቡ ቁጥሩ 4705 ነው፤ 4608 ሲቀነስ 97፣ ለ8 ሲካፈል ድርሻው 12 ቀሪው 1 ይሆናል። ከዜሮ ስንቆጥር ቀሪ 1 ካዕብ ነው። ሶ 4662 ነው፤ ልዩነቱ 54፣ ድርሻው 6 ቀሪው 6፤ ማለትም ሳብዕ።

ውብ ስሌት ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። በስምንተኛው ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አይገኝም፤ በለ ቤት ዲቃላው ሏ ሲቀመጥ በአ ቤት ኧ ተቀምጧል። ከ4952 ጀምሮ የሚገኙት ፘ፣ ፙ እና ፚ ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። በ2005 በወጣው የ4.1 ቅጂ የተጨመረው የግዕዝ ተጨማሪ ክልል (ከ4992 እስከ 5023) ደግሞ የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላትን በአራት በአራት ይደረድራል። ᎄ በራሷ ቤት የመጀመሪያዋ ናት፤ ቁጥሯ 4996 ስለ ሆነ ግን ስሌቱ ቀሪ 4 አግኝቶ ኃምስ ይላታል።

በረጅሙ ፕሮሲጀር ውስጥ ይኸው ስሌትና «ቁጥሩ ከ4608 እስከ 4991 ከሆነ የግዕዝ ፊደል ነው» የሚለው ጥያቄ በየቦታው ተደጋግሞ ተጽፏል። በ1999 ይህ ድንበር ትክክል ነበር። በ2005 ሁለት ክልሎች ሲጨመሩ፣ አንደኛው ከላይ የጠቀስኩት ሲሆን ሁለተኛው ከ11648 እስከ 11743 ያለው ነው፣ ድንበሩ ጎደለ። በ2010 በ6.0 ቅጂ ከ43776 እስከ 43823 ያለው ክልል ሲመጣ ይበልጥ ጎደለ፤ በ2021 በ14.0 ቅጂ ከ124896 እስከ 124927 ያለው ሲጨመርም እንዲሁ።

የ2010ሩ ጭማሪ በካርቱም ላለን ሰዎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በውስጡ ለጉሙዝኛ የሚያገለግሉ ፊደላት አሉበት፤ ጉሙዝኛ ደግሞ በኢትዮጵያ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ከድንበሩ ባሻገር በሱዳን የሚነገር ቋንቋ ነው። «የግዕዝ ፊደል ያልሆነውን ሰርዝ» የሚል መስመር ያለበት አሮጌ ፕሮግራም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የጉሙዝኛ ጽሑፍ ቢሰጠው ለቋንቋው ተብለው የተጨመሩትን ፊደላት እንደ ቆሻሻ ይጥላቸዋል። ስሕተት መኖሩንም አያስታውቅም። ቃሉ አጥሮ ይወጣል፤ ያጠረውን ቃል ያየ ተመራማሪ የድምፅ መውደቅ አድርጎ ሊተነትነው ይችላል።

የናይል ሸለቆ ጥናትም ተመሳሳይ ምሳሌ ያቀርባል። የጥንቱ ኑቢያኛ ጽሑፍ የተመሠረተው በቅብጥ ፊደል ላይ ነው። ቅብጥ ግን በዩኒኮድ ውስጥ ከግሪክ ጋር ተደርቦ ከቆየ በኋላ የራሱን ክልል፣ ለኑቢያኛ ከሚያስፈልጉት ፊደላት ጋር፣ ያገኘው በዚያው በ4.1 ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ፕሮግራም የቅብጥን ፊደላት በግሪክ ቁጥሮች ይፈልጋል። የግዕዝም የኑቢያም ኮድ በአንድ ዓመት አረጀ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሁለተኛው ሕግ ይህ ነው፦ አንድ እውቀት በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ። «የግዕዝ ፊደል ነውን?» የሚለውን የሚመልስ አንድ ፕሮሲጀር፣ «ረድፉ ስንት ነው?» የሚለውን የሚመልስ ሌላ አንድ ፕሮሲጀር ይኑር። ሁለተኛው ስሌቱ በሚሠራበት ክልል ውስጥ በስሌት፣ ከዚያ ውጭ በሰንጠረዥ ይመልስ፤ የማያውቀው ፊደል ሲገጥመው ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ ቆሞ ይናገር። ዩኒኮድ ነገ ሌላ ክልል ቢጨምር የሚነካው አንድ መስመር ይሆናል።

6. የወረስነውን ኮድ እንዴት እንንካው

ረጅሙን ፕሮሲጀር ያየ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ ጥሎ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ይህ ስሜት መገታት አለበት። በነባር ኮድ ውስጥ ያለው እንግዳ መስመር ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ አንዳንዱ ከአንድ ፎንት ጉድለት የተማረ፣ ሌላ ቦታ ያልተጻፈ እውቀት ነው። በእጄ በገባው ኮድ ውስጥ አንድ ትርጉም የለሽ የሚመስል መተኪያ ነበር። ሳጠናው ተየብ አድራጊው የአናባቢውን ቅጥያ ከመሠረቱ አስቀድሞ ሲመታ የሚፈጠረውን የተገለበጠ ተራ የሚያቃና ሆኖ ተገኘ። ጥዬው ቢሆን ኖሮ ብዙ ቃላት በተበላሹ ነበር።

ማይክል ፌዘርስ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ነባር ኮድን በዕድሜው ሳይሆን በአንድ ጉድለት ይተረጉመዋል፤ መፈተሻ የሌለው ኮድ ሁሉ ነባር ኮድ ነው ይላል። መፈተሻ ማለት ለእኛ ሙያ የምሳሌ ጥንድ ማለት ነው፦ ይህ ቢገባ ያ ይውጣ። ሰዋስው የሚጽፍ ሰው ከእያንዳንዱ ሕግ ሥር ምሳሌ እንደሚሰጥ ሁሉ ከእያንዳንዱ ፕሮሲጀር አጠገብ ጥንዶች ሊኖሩ ይገባል። የተከተልኩት መንገድ ይህ ነበር።

በመጀመሪያ የተረፉትን ጥሬ ፋይሎች ቀድቼ ለንባብ ብቻ በሚፈቅድ ቦታ አኖርኩ፤ ማንኛውም ፕሮሲጀር በጥሬው ላይ መልሶ እንዳይጽፍ ማለት ነው። ቀጥሎ ከዝርዝሩ የተለያዩ ቃላትን መርጬ ነባሩ ፕሮግራም የሚያወጣውን ውጤት፣ ስሕተቱንም ጨምሮ፣ እንደ ነበረ መዘገብኩ። ይህ መዝገብ «ትክክሉ ምንድን ነው?» የሚለውን አይመልስም፤ «ኮዱ ዛሬ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ከረጅሙ ፕሮሲጀር አንድ ውሳኔ ብቻ አውጥቼ በስሙ ለብቻው አስቀመጥኩና መዝገቡን እንደገና አስተያየሁ። ውጤቱ ካልተለወጠ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። ሥራው ሲያልቅ ኮዱ የሚያደርገው ነገር ያው ነበር፤ ልዩነቱ የሚያደርገው ሁሉ መታየቱ ነው። የትግርኛውን ማዋሃጃ ያስወገድኩት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ ለማስወገድም የፈጀው አንድ ጥሪን መሰረዝ ነበር። «ዓይኒ ሲገባ ዓይኒ ይውጣ»፣ «ሠዐለ ሲገባ ሠዐለ ይውጣ» የሚሉ ጥንዶችም ከፕሮሲጀሮቹ አጠገብ ተቀመጡ፤ ወደ ፊት ማንም ማዋሃጃውን በስሕተት ቢመልሰው ፈተናው ይጮኻል።

ማሻሻልና ማቅለል በአንድ እርምጃ አለመደረጋቸው መሠረታዊ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ውጤት ሲለወጥ የተለወጠው በማረሙ ይሁን በማበላሸቱ መለየት አይችልም።

የቅለት መለኪያ ለሚፈልግ ቶማስ ማኬብ በ1976 ያቀረበው ስሌት አለ፤ ባጭሩ በፕሮሲጀሩ ውስጥ ያሉትን የ«ከሆነ» መስቀለኛ መንገዶች ቆጥሮ አንድ መጨመር ነው። ማኬብ የጠቆመው የላይኛው ወሰን 10 ነበር። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ፕሮሲጀር ውስጥ ቋንቋ፣ ፎንትና የጽሑፍ ዓይነት በየራሳቸው ቅርንጫፍ ሲጠላለፉ መቼ መቆም እንዳለብን ያሳስባል።

ቅለትም ወሰን አለው። ሁለት ፊደል የሚተካውን ሁሉ ለየብቻ ፕሮሲጀር ማድረግ አንባቢውን ከረጅም ጎዳና አውጥቶ በጠባብ መንደር ውስጥ ማንከራተት ነው። የክፍፍሉ ልክ የመስመር ብዛት ሳይሆን የውሳኔ ብዛት ነው። ሰባቱን የሀ ቤት መተኪያዎች በአንድ ሰንጠረዥ አድርጎ በአንድ ፕሮሲጀር ማስኬድ ቀላል ነው፤ ውሳኔው አንድ ነውና። ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ በሠራውና በ2011 ባቀረበው ሆርንሞርፎ የሥነ ምዕላድ መተንተኛ ውስጥም የየቋንቋው መረጃ ከመተንተኛው ሞተር ተለይቶ መቀመጡ ከዚህ መርሕ ጋር ይስማማል። አንዱ ሞተር ሦስት ቋንቋ ሊያገለግል የቻለው የቋንቋው እውቀት በሞተሩ ውስጥ ስላልተቀበረ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከዝርዝሩ ጥሬ ፋይላቸው የተረፈው ክፍሎች በተስተካከለው ፕሮግራም እንደገና ተሻግረዋል፤ ዓይኒም ሓውም በየቦታቸው ተመልሰዋል። ፕሮግራሙ በጥሬው ላይ መልሶ የጻፈባቸው ክፍሎች ግን አልተመለሱም። ቃላቱን የሰጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከካርቱም ወጥተው ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል፤ ያንን ቃለ ምልልስ የሚደግመው የለም። በነዚያ ክፍሎች የሚገኙት ሀ እና አ ሁሉ «ምንጩ ያልታወቀ» የሚል ምልክት ይዘው ተቀምጠዋል። የቃሉን ትክክለኛ ቅርፅ ከመዝገበ ቃላት አይቶ መሙላት የሚቻልበት ብዙ ቦታ አለ፤ ያ ግን የመዝገበ ቃላቱ ትግርኛ እንጂ የተናጋሪዎቹ አይሆንምና አልተደረገም።

ስለዚህ ነባር ኮድ የሚወርስ የቋንቋ ተመራማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም ይበጀዋል። ይህ ፕሮሲጀር የሚወስነው ስንት ነገር ነው? ከውሳኔዎቹ የማይቀለበሰው የትኛው ነው? ያ ውሳኔ የተሰጠው ለየትኛው ቋንቋ ነው? መልሱ ከኮዱ ስምና ተራ በቀላሉ የማይነበብ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ያወጣውን ዝርዝር በማስረጃነት ከመጥቀስ በፊት ኮዱን መፍታት ይቀድማል።